ተጽፏል ያልኳቸው ሁለት ስሞች

በመካነ ሰላም ገበያ ዳር የቆመውን የአርበኞች ሐውልት የገነቡት አያ ይማም ናቸው። ከተማው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ግን ስማቸውን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የኔን ሲያነሳ ደግሞ ከፍ ያደርጋል። «አቶ ወልደሩፋኤል እኮ የአርበኞቹን ስም አንድ በአንድ የመዘገበ ሰው ነው» ይባላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። ስምንት ዓመት ሙሉ እንደተገለበጠ ኖሯል፤ የገለበጥኩት እኔ ስለሆንኩ ላቃናው የሚገባኝም እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ግን ሰውየውን እወቁልኝ።

አያ ይማም የተወለዱት ቁርአን ከሚቀራበት ቤት ነው። አያታቸው፣ አባታቸው፣ ታላቅ ወንድማቸው ሁሉ ልጅ ሰብስበው ሲያስቀሩ የኖሩ ናቸው። እሳቸው ብቻ ቁርአን ከሚጠናበት ሰሌዳ፣ ከሉሁ ይልቅ ድንጋዩን ወደዱ። አባታቸው ጧት «ይህን አጥና» ብለው ወጥተው ሲመለሱ፣ ሉሁ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ፣ ልጁ የፈረሰውን የመስጊድ አጥር መልሶ ሲክብ ያገኙታል። «አባቴ የገረፉኝ አጥሩ እስኪያልቅ ነው» ይሉ ነበር አያ ይማም እየሳቁ፤ «ሲያልቅ ዱዓ አደረጉልኝ።»

እኔ ሳውቃቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደ ግራ ያዘነበለ ሰው ነበሩ። በወሎ ቦረና ምድር የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቢባል፣ የመስጊድ ደረጃ ቢባል፣ የሀብታም ቤት መሠረት ቢባል ያለ እሳቸው አይሠራም። ድንጋዩን በመዶሻቸው ጀርባ ቆርቆር አድርገው ያዳምጡታል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ድንጋይ ድምፁ እንደሚታፈን ያውቃሉ። የግድግዳን ቀጥነት በዓይናቸው ብቻ መለየት እየቻሉ ቱንቢ ሳይጥሉ አያልፉም። ለምን ሲባሉ «ዓይን ለባለቤቱ ያደላል፤ ቱንቢ ግን ዘመድ የለውም» ይላሉ። ፊደል አልቆጠሩም። ሰው በጠመኔ ከጻፈላቸው ግን፣ ጠመኔውን ተከትለው በመሮ ሲቀርጹት ከጻፈው ሰው እጅ የበለጠ ያምራል።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ቅኔ ቤት ጀምሬ ያቋረጥኩ፣ የእጅ ጽሑፌ የሚመሰገንልኝ፣ በዚህም ልቤ ያበጠ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ። አያ ይማም በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ እኔ ግን «አንተ» ነበር የምላቸው። ሥራቸው አቧራ ስለሆነ፣ የኔ ደግሞ ቀለም ስለሆነ። ዛሬ «አንቱ» ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ያፍራል።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጣልያን የወጣበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲደርስ፣ የከተማው ሽማግሌዎች ተሰብስበው የአገራችን አርበኞች ስም የተቀረጸበት ሐውልት ይቁም አሉ። ሊቀ መንበር ባላምባራስ አምባቸው ሆኑ፤ ራሳቸው በዱር የኖሩ፣ አንድ ጆሯቸው በጥይት የተቀደደ ሽማግሌ። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ደንብም ወጣ፦ ስሙ እንዲቀረጽለት የሚፈለግ ሰው፣ በሕይወት ቢኖርም ባይኖርም፣ ጠመንጃ ይዞ ሲዋጋ ያዩ ሦስት ምስክሮች ይቁሙለት።

ምዝገባው የሰርግ ቤት መሰለ። ምስክሩ ቁጭ ብሎ መናገር አይሆንለትም፤ ይነሳና ዱላውን እንደ ጠመንጃ ይዞ ዘራፍ ይላል። ሲፎክር የመጣው ስለ ጓደኛው ሊመሰክር መሆኑን ይረሳና የራሱን ጀብዱ ጨርሶ፣ ላቡን ጠርጎ ይቀመጣል። እኔም ከፉከራው ውስጥ ስምና የአባት ስም እየለቀምኩ እጽፋለሁ። እንዲህ ባለ ሁኔታ አርባ ሦስት ስም ተመዘገበ።

ኅዳር አሥራ አራት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ወደ ቢሮዬ ገቡ። የንፋስ አፋፍ ሴት ናቸው። ወደ አቀስታ የሚወስደው መንገድ አቀበቱን ጨርሶ ራሱ ላይ ሲወጣ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ብቻውን ያለው ጎጆ የእሳቸው ነው። ምስክር አላስከተሉም፤ የሚፎክርላቸውም አልነበረም። እኔ በዚያ ሰዓት የዋና ጸሐፊነት ቦታ እንዲሰጠኝ ማመልከቻዬን እየጻፍኩ ነበር።

«ቀጥሉ እማማ» አልኳቸው ቀና ሳልል።

እሳቸው ይናገራሉ፣ ብዕሬ ይሄዳል። እኔ ቀለም ለመንከር ቆም ስል እሳቸውም ቆም ይላሉ፤ የተናገሩትን እየጻፍኩ መስሏቸው እንዳልቸገር መጠበቃቸው ነበር። በመጨረሻ ሁለት ስሞች ተናገሩ። ስምና የአባት ስም፣ ትውልድ አገርም ጭምር። ድምፃቸውን ቀስ አድርገው ሁለት ጊዜ ደገሙልኝ። ያ ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። ስሞቹ ግን ከመጀመሪያውም አልገቡም።

«ተጻፈልኝ፣ የኔ ጌታ?»

ምስክር ሦስት ያስፈልጋል ብላቸው ማልቀሳቸው፣ መለመናቸው ነው፤ ሰዓቴን ይበሉብኛል። «ተጽፏል እማማ» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀውን ማመልከቻዬን፣ ጠርዙን ሳሙት። «እግዜር ይስጥህ፤ እንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝ» ብለው ወጡ። እኔም ወረቀቱን ቀለሙ ተበላሽቶ እንደሆነ አየሁና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ግንባታው በጥር ተጀመረ። መጋቢት ሲያልቅ የበልጉ ዝናብ በረታና ወደ ድንጋይ መፍለጫው የሚያወርደው መንገድ ጭቃ ሆነ። ሁለት አህያ ገደል ገባ። ሐውልቱን በውጭ በኩል የሚያለብሰው ጥርብ ድንጋይ ደርሶለታል፤ ያነሰው ውስጡ የሚሞላው ነው። ባላምባራስ አምባቸው ደግሞ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን ከደሴ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ እያሉ ጧት ማታ ያስጨንቃሉ። በዚህ መካከል አያ ይማም ወደ ቢሮዬ መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው።

«ጸሐፊ፣ ያ የንፋስ አፋፍ ክምር ባለቤት አለው?»

ክምሩን የማያውቅ የለም። መንገደኛ አቀበቱን ሲጨርስ አንድ ድንጋይ ያነሳና ይጥልበታል፤ «ድካሜን እዚህ ትቻለሁ» ይልና ቀለል ብሎት ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ሲጥሉ ሙስሊሙ ፋቲሃ ይቀራል፣ ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር ይላል። ለምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። እኛ ወጣቶቹ ድንጋዩን ብቻ ወርሰን ጸሎቱን ትተነው ነበር።

«የመንገደኛ ድንጋይ ነው» አልኳቸው፤ «ድካም መጣያ።»

«እሱንማ እኔም ስጥልበት ነው የኖርኩ። ማን ጀመረው ነው የምልህ። ሰው በእጁ ያስቀመጠው ድንጋይ ወንዝ ካመጣው ይለያል።»

«ለድንጋይ ደግሞ የዘር ሐረግ ልትቆጥርለት ነው? ባለቤት ቢኖረው እኔ አላውቅም ነበር? አንሳው።»

አነሱት። በሦስተኛው ቀን ማታ ግን ተመለሱና ቆሙ። «ሥሩ ላይ ስደርስ አላማረኝም። ላይኛው የተጣለ ነው። የታችኛው ግን ጠፍጣፋ ጠፍጣፋው እየተመረጠ የተደረደረ ነው። ሰው የደከመበት ነው። ተውኩት» አሉ። ያን ጊዜ ውስጤ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ነበር። ኅዳር፣ አንዲት ሴት፣ ንፋስ አፋፍ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። «ጥሩ አድርገሃል፣ የመጣው ይበቃል» ብዬ ሸኘኋቸው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ ሐውልቱ ሙሉ ቁመቱን ይዞ፣ የስሞቹ ሰሌዳ እየተገጠመ ሳለ፣ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሕዝቡ መካከል መጡ። አልጮሁም። ከሐውልቱ ሥር ቁጭ አሉና እጃቸውን ግንቡ ላይ አሳረፉ። ሰው አንድ ሁለት እያለ ከበባቸው። ባላምባራስ አምባቸው መጥተው ምን ሆነው ነው ብለው ጠየቁ።

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ እንዲህ ሲሉ ተናገሩ። በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ፣ ከማይጨው የተመለሱ ሁለት ሰዎች በአንድ ቡሉኮ ተጠቅልለው፣ ተደጋግፈው አፋፉ ላይ ደረሱ። የአንዱ እግር በጥይት ተበልቷል፤ ሌላው ንዳድ ይዞታል። አንዱ አንገቱ ላይ ማተብ፣ ሌላው እጁ ላይ መቁጠሪያ ነበረው። እሳቸው ያን ጊዜ ሙሽራ ነበሩ። በጎተራቸው ሥር አስተኝተው አጥሚት እየሰጡ አስታመሟቸው፤ ሁለቱም በሁለት ቀን ልዩነት ሞቱ። ሲሞቱ አንድ ነገር ብቻ ለምነዋቸው ነበር፤ አትለያዩን የሚል። ቤተ ክርስቲያን ቢወስዷቸው አንዱ ይቀራል፣ ወደ ሙስሊሙ መቃብር ቢወስዷቸው ሌላው ይቀራል። ስለዚህ መንገዱ ዳር አንድ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ጅብ እንዳያወጣቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደሩበት። የሚያልፈውን ሁሉ «አንድ ድንጋይ ጣሉባቸው» እያሉ ለመኑ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ጣለ።

ባላምባራስ አምባቸው ወደ አያ ይማም ዞሩ። «ማን ፈቀደልህ?»

አያ ይማም እኔን አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ዓይኔን ወደ መዝገቤ መለስኩ፤ ገጽ የምፈልግ መስዬ ወረቀት ገለበጥኩ። የገለበጥኩትን ወረቀት ብዛት ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ አራት ነው። በአራተኛው ላይ የአያ ይማምን ድምፅ ሰማሁ።

«ያነሳሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ወላሂ መቃብር መሆኑን አላወቅኩም። ግን እጄ ነው ያነሳው።»

«የሟቾቹ ስም ማን ነው?» ብሎ አንዱ እማማ ወለተ ጊዮርጊስን ጠየቃቸው። እሳቸውም ወደኔ ተመልክተው፣ «የሚያውቅ ያውቃል» አሉ። ሊያጋልጡኝ ነው ብዬ ነበር። ዝም አሉ፤ እኔም የተረፍኩ መሰለኝ።

አያ ይማም ሐውልቱን በአንድ ጎን ልክፈተውና ድንጋያቸውን ልመልስ፣ ዋጋ አልጠይቅም አሉ። ኮሚቴው አልፈቀደም፤ ኖራው ጠጥቶ ደርቋል፣ እንግዳው ሊመጡ ሃያ ቀን ቀርቷል ተባለ። ያን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በሚያምረው ጽሕፈቴ። በምረቃው ዕለት አርባ ሦስቱን ስሞች ድምፄን አሳምሬ አነበብኩ፤ ሰው እልል አለ። ከሰሌዳው ግርጌ «ጸሐፊ ወልደሩፋኤል» ተብሎ እንዲቀረጽ ኮሚቴው ፈቅዶልኝ ነበር፤ የቀረጹትም አያ ይማም ናቸው። የገንቢው ስም የለም። አያ ይማም በበዓሉ ላይ አልነበሩም። ወደ ንፋስ አፋፍ ድንጋይ ተሸክመው እየወጡ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። በሐምሌም የዋና ጸሐፊነቱ ሹመት መጣልኝ።

ከዚያ በኋላ አያ ይማም «መቃብር አፍራሹ» ሆኑ። ቤት የሚሠራ ሰው «ገፊ ነው፣ መጥፎ ዕድል ያመጣል» ብሎ አይጠራቸውም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች የጀመሩትን ቅጥር ለሌላ ሰጡት። የመስጊዱም ሽማግሌዎች ቢሆኑ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። ልጃቸው ዘሊካ ታጭታ ነበር፤ የእጮኛዋ ወገኖች ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን መለሱ። ይህን የሰማሁት ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው። ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩ። ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም፤ ቢኖር ደስ ባለኝ።

አያ ይማም እንጀራ ፍለጋ አቀስታ ተሻገሩ፣ ኩታበር ድረስም ሄዱ። ነገር ግን የትም ይዋሉ፣ በየወሩ ንፋስ አፋፍ ይመለሳሉ። የጎደለውን ድንጋይ መልሰው ከመሩ። ቀጥለው ዙሪያውን በጥርብ ድንጋይ አጠሩት። በዚያ መንገድ ሳልፍ ፈረሴን አፋጥን ነበር፤ አንድ ቀን ግን ፈረሱ ውሃ ጠምቶት ቆመብኝና አጥሩን አየሁት። ድንጋይና ድንጋይ የገጠመበት ቦታ ቢላዋ አያስገባም። እንዲህ ያለ ሥራ ከተማ ውስጥ ሠርተው አያውቁም። ውስጡ ላይ ድንጋይ ጥዬ እንደ ሰው ነፍስ ይማር ልል ፈለግኩ፤ እጄ አልነሳም አለኝ።

በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሎ በተራበበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ሞቱ። በአርባኛው ቀን ማግሥት አያ ይማም ከቢሮዬ ደጃፍ አህያ አስረው ገቡ። አህያዋ የተላገ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጭናለች። ጺማቸው ነጥቷል።

«ጸሐፊ፣ ጠመኔ ይዤ መጣሁ» አሉኝ። «ሁለቱን ስም ድንጋዩ ላይ ጻፍልኝ። መቅረጹ የኔ ነው።»

«የትኞቹን ስም?»

«እማማ ወለተ የነገሩህን። ኅዳር ላይ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቱ» አልኳቸው። «አንቱ ያውቁ ኖሯል?»

«በገበያው ማግሥት ነገሩኝ። ይቅር በሉኝ ልል ሄጄ ነው። "ለጸሐፊው ተናግሬያለሁ፣ ቦታውንም ስሙንም ጽፎልኛል፤ ብዕሩ ሲሄድ አይቻለሁ" አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? የልጅዎ የዘሊካ ጋብቻ ሲፈርስ፣ ለምን አላጋለጡኝም?»

«ያን ጊዜ ባጋልጥህ ምን ታደርግ ነበር? ወረቀቱን ትቀደው ነበር። የፈራ ሰው መጀመሪያ የሚቀደው ወረቀት ነው። እኔማ ስሜ ቢጠፋ ልጆቼ ያውቁኛል። እነዚያን ሰዎች ግን ካንተ ወረቀት በቀር የሚያውቃቸው የለ። አማናው፣ አደራው፣ እጅህ ላይ ነበር። እንዳይሰበር ብዬ ታገስኩ።»

«እሳቸውን አልጠየቋቸውም?»

«ስንቴ። "አንዴ ለመንግሥት ሰጥቻለሁ፤ ደግሜ ብናገር ያላመንኩት ይመስላል" ይሉኛል። ሊሞቱ ሲሉም ጠይቄያቸው ነበር። "አብሽር፣ አይዞህ ይማም፣ ተጽፏል" አሉኝ። ፈገግ ብለው ነው የሞቱት።»

እውነቱን ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «ዶሴው ውስጥ ነው፤ ፈልጌ ነገ» አልኩ። እሺ ብለው ድንጋዩን ከደጃፌ አውርደው ሄዱ።

ፈለግኩም። ቀኑን ሙሉ የመዝገብ ቤቱን ዶሴ ስገለብጥ ዋልኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም፤ ምናልባት እጄ ሳላዘው አንድ ነገር ጽፎ ይሆናል ብዬ ነበር። በመጨረሻ በራሴ የግል ማኅደር ውስጥ የኅዳር አሥራ አራቱን ወረቀት አገኘሁት። ማመልከቻዬ ነው። ጽሕፈቱ ያምራል። ግርጌው ላይ፣ በስተቀኝ ጠርዙ፣ ቀለሙ ትንሽ ተሻሽቷል። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ የሳሙበት ቦታ ነው።

ወጥቼ ከደጃፍ ድንጋዩ ፊት ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ሞተዋል፤ ግንበኛው ፊደል አያውቁም። ሁለት ስም ፈልስፌ ብጽፍ እስከ ዓለም ፍጻሜ የሚያውቅብኝ የለም። ለኔ ስም ማውጣት ምን ይከብዳል። ጠመኔውን አንስቼ አንድ ፊደል ጻፍኩ። ከዚያ በመዳፌ አጠፋሁት፤ ድንጋዩ ልስላሴው እንደ ጥሩ ወረቀት ነበር።

በማግሥቱ ንፋስ አፋፍ በእግሬ ወጣሁ። አያ ይማም አጥሩ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ብዕሬ ሲሄድ ምን ይጽፍ እንደነበር፣ ስሞቹ ሰሌዳው ላይ መቀረጻቸው ቀርቶ የትም እንዳልተጻፉ፣ አንዱንም ስም እንደማላስታውስ።

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የተሰነጣጠቀ ጣታቸውን ከግርጌው፣ ፊርማዬ አጠገብ ካለው ጽሑፍ ላይ አሳረፉ።

«ይህችን አውቃታለሁ» አሉ። «ሐውልቱ ግርጌ ያስቀረጻችሁኝ ናት። አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ ስም የለበትም?»

«የለበትም።»

«ልውረድና ገበያ መካከል ልናገር። ጥፋቱ የኔ እንደነበር ሁሉም ይስማ።»

«ተናገር» አሉ። «ግን ለኔ ብለህ አትናገር። ዘሊካን ሌላ ሰው አግብቷታል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ለነዚህም አይጠቅማቸውም።» ወደ ክምሩ ተመለከቱ። «ሰባት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ባዶ ዕቃ ነው። በል ና፣ ድንጋዩን እናምጣው።»

ድንጋዩን ከከተማ በአህያዋ አምጥተን ከአጥሩ ራስ ላይ አቆምነው። እኔ በአንድ ወገን ይዤ፣ እሳቸው በሌላው። ምንም የማይጻፍበት ድንጋይ ነው፤ እሳቸው ግን ቱንቢያቸውን አውጥተው ጣሉ። ሁለት ጊዜ አስነስተውኝ አስተካከልነው።

በሚያዝያ ሃያ ሰባት በዓል ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ሰው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። ሲያበቃ ባላምባራስ አምባቸው ትከሻዬን ይዘው፣ «ደግ ሰው ነህ፤ የግንበኛውን ነውር ልትሸከምለት» አሉኝ። ሰውም ይህንኑ ይዞ ሄደ። እውነት ተናግሬ ደግ ተባልኩበት፤ አያ ይማም አሁንም መቃብር አፍራሹ ናቸው።

መንገደኛ አፋፉ ላይ ያንን ባዶ ድንጋይ ያይና የማን ነው ብሎ ይጠይቃል። አያ ይማም ካሉ «ጸሐፊውን ጠይቁት» ይላሉ። በየገበያው ቀን አንድ ሁለት ሰው ይመጣልኛል። ብዕሬን አስቀምጬ፣ ቀና ብዬ፣ አላውቃቸውም እላለሁ። ነግረውኝ ነበር፤ አልጻፍኳቸውም።